የትንሹ ካሴት ወገን

ልብስ ሰፊዋ ከባሏ ጋር በሁሉም ነገር ትስማማለች፤ ከቪዲዮው ወሬ በቀር። ችግሩ ሰውየው ከቪዲዮው ሌላ ወሬ የለውም።

ሥራው ቴሌቪዥን ጥገና ነው። በዚያ ዘመን የቪዲዮ ካሴት ሁለት ዓይነት ነበር፤ ትንሹና ትልቁ። የአንዱ በሌላው ማጫወቻ አይገባም። አገር ምድሩ ወደ ትልቁ ሲነጉድ እሱ ከትንሹ ጋር ቀረ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ቪዲዮ አከራይ እንኳ ትንንሾቹን ካሴቶች በካርቶን አጭቆ ደጅ ሲያወጣቸው፣ ባሏ ካርቶኑን ተሸክሞ ቤት አስገባው፤ ለአከራዩም ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላምታ ነሳው።

"ምስሉን እይው እስቲ፤ የሰው ቅንድብ ይቆጠራል እኮ" ይላታል።

"ቅንድብ ቆጥረን ምን ልናደርግ ነው?"

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ቤቱ ውስጥ ሦስት ማጫወቻዎች አሉ፤ አንዱ ይሠራል፣ ሁለቱ ለመለዋወጫ ተበልተው አልጋ ሥር ተኝተዋል። የደንበኞቿ ጨርቅ ደግሞ ቦታ አጥቶ ወንበር ላይ ይከመራል። ሰፈርተኛው "ትንሹ ካሴት" የሚል ስም ቢያወጣለት እንደ ሹመት ተቀበለው።

ይህን ሁሉ ትችለው ነበር፤ የታናሽ እህቷ ሠርግ ባይኖር።

የዚያን ቀን ካሜራውን ይዞ የቀረጸው እሱ ነው። እሷ ሳህን ስታመላልስ ዋለች። እናቷ፣ በሰው ፊት ተናግረው የማያውቁት ሴት፣ ድንገት ብድግ ብለው እንግዳውን አመሰገኑ፤ ሙሽሮቹን መረቁ፤ ከዚያም "ትልቋ ልጄ ደግሞ..." ሲሉ ካሴቱ አለቀ። ትንሹ ካሴት ቶሎ ያልቃል፤ ይህን ነውሩን ባሏ አፉ ላይ አያመጣውም። ሌላ ካሴት አስገብቶ ሲቀጥል የሚታየው ጭብጨባ ብቻ ነው። እናትየው ከሠርጉ በሰባተኛው ወር አረፉ።

ትልቋ ልጅ እሷ ናት። ምን ብለው ይሆን? ያልጠየቀችው እንግዳ የለም። አንዱ "አመሰገኑሽ መሰለኝ" አለ። ሌላዋ "ብቻ ደግ ነገር ነው" አለቻት። ባሏን ስትጠይቀው "ካሴት እየቀየርኩ ነበር" አላት። ስምንት ዓመት ሙሉ መልሱ ይኸው ነው።

አንድ ቅዳሜ፣ ምሳ እንደ በሉ፣ ሌላ ከተማ የምትኖረው እህቷ ደወለች። ከወዲያ ወዲህ ካወሩ በኋላ "ለመሆኑ ልጠይቅሽ እያልኩ ሁሌ እረሳለሁ፤ ያን ካሴት ወደድሽው?" አለቻት።

"የቱን ካሴት?"

"የሠርጌን ነዋ። የባሌ ጓደኛም ቀርጾት ኖሯል። የዛሬ ሁለት ዓመት ዕቃው መሀል ሲያገኘው በሰው እጅ ላክሁልሽ፤ ለባልሽ ነው የተሰጠው። የእማዬ ንግግር ሙሉው አለ።"

ስልኩን ዘግታ ወደ ባሏ መሥሪያ ክፍል ገባች። አጎንብሶ ሽቦ እየበየደ ነው።

"ከእህቴ የመጣው ካሴት የት አለ?"

አሰበ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ጠረጴዛው ሥር ወረደ። የዚያ ጠረጴዛ አንድ እግሩ አጭር ነው፤ ካልተደገፈ ይወዛወዛል። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ተደግፎበታል። ጎንበስ ብላ አየችው። በጋዜጣው ላይ በእህቷ የእጅ ጽሑፍ "የእማዬ ንግግር" ተብሎ ተጽፏል።

"ትልቁ ካሴት ነበር እኮ" አለ፤ እንደ በቂ ምክንያት።

ቀና አለች። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ" አለች። "ወረቀት ይሻላል። ወረቀት እንኳ የተጻፈበትን ይይዛል። አንተ ግን የተጻፈውን እንኳ አላነበብክም።"

ካሴቱን ሲያወጣው ፕላስቲኩ ተሰንጥቋል፤ አንዱ ማዕዘን ደቅቋል። ብሎኖቹን ፈትቶ የውስጡን ጥቅልል አገላብጦ መረመረው። "ተርፏል" አለ ቀስ ብሎ። "ሌላ ፕላስቲክ ውስጥ ካዛወርኩት ይሠራል። ማጫወቻውን ግን..." ዓይኑ በመስኮቱ ወደ መንገዱ ማዶ ሄደ።

መንገድ ላይ ሐሳቡን እንዳይቀይር አብራው ተሻገረች። አከራዩ ከመደርደሪያው ጀርባ ቀና አለ። "ትንሹ ካሴት፣ ምን እግር ጣለህ?"

"የተበላሸ ካሴት ካለህ ፕላስቲኩን ብቻ ስጠኝ። ማጫወቻም አውሰኝ።"

"የቱን ማጫወቻ?"

"ትልቁን።"

"አልሰማሁህም።"

"ትልቁን አልኩህ" አለ ባሏ፤ ጆሮው ቀልቷል። ሌላ ቀን ቢሆን አንጀቷ ቅቤ ይጠጣ ነበር።

ሰው እያየው ማጫወቻውን አቅፎ ተሻገረ። ጥቅልሉን ሲያዛውር ትንፋሹን ይዞ ነበር፤ በእጅ ሥራውስ ማንም አያማውም። ምስሉ መጣ። ቀላ ያለና የደበዘዘ ነው። "ቀለሙን አየሽ..." ብሎ ጀመረና ፊቷን ሲያይ ተወው።

እናቷ ቆመዋል። "ትልቋ ልጄ ደግሞ የለችም" አሉ። "ወጥ ቤት ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ሌላው እንዲቀመጥ እሷ እንደቆመች ነው። እስቲ ጥሯት፤ ዛሬ እንኳ አጠገቤ ቁጭ ትበል። ሳህኑ የትም አይሄድም።"

ተጨበጨበ። ሊጠራት የተነሣ ግን የለም። በምስሉ ጥግ፣ ለወጥ ቤቱ በር ከሁሉም የቀረበው ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ካሜራው ላይ አቀርቅሯል። ካሴት እየቀየረ ነው።

ባሏ ማንም ሳያዘው ካሴቱን ወደ ኋላ አጠነጠነው። እንደገና ሰሙት። ለሦስተኛ ጊዜም ሰሙት።

ለቅሶዋ ሊያመልጣት ሲል እንደ ልማዷ ብድግ አለችና የምሳውን ሳህኖች መሰብሰብ ጀመረች። ባሏ ሳህኖቹን ከእጇ ተቀብሎ መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣቸው።

"ቁጭ በይ" አላት። "እማማ እየጠሩሽ ነው።"

ንዴቷ አልበረደላትም፤ እስከ ዛሬም አልበረደላትም። ቁጭ ግን አለች።