ኬብል ካሩን ያቆመው ማን ነው?

ኑቢያ ኦስፒና በሎማ አልታ ኬብል ካር፣ በአየር ላይ በገመድ በሚጎተተው መጓጓዣ፣ የኔትወርክ መሐንዲስ ነበረች። ሎማ አልታ ኮሎምቢያ ውስጥ ተራራ ላይ የተለጠፈች ከተማ ናት፤ ሰው ሁሉ ከታችኛው ገበያ ወደ ቤቱ የሚወጣው በዚሁ ኬብል ካር ነው። የቀድሞ ባሏ ሬኔልም እዚያው ይሠራል፣ የላይኛው ጣቢያ ኦፕሬተር ሆኖ። የተፋቱት በእሱ መጠጥ የተነሳ ነበር። በኋላ መጠጡን እርግፍ አድርጎ ቢተወውም ከተማው የድሮውን ሬኔል አልረሳም። እውነቱን ለመናገር እሷም አልረሳችም።

በዚያ የዝናብ ወር ኬብል ካሩ እየሄደ በድንገት ቀጥ እያለ ሰው ገደል ላይ አንጠልጥሎ ማስቀረት ሲጀምር፣ ጣት ሁሉ ወደ ሬኔል ዞረ። ከአደጋ ጊዜ ማቆሚያው ቀይ ቁልፍ አጠገብ የሚቀመጠው እሱ ነዋ።

«እንቅልፍ እየጣለው ክንዱ ያርፍበታል» አሉ የጣቢያው ኃላፊ ዶን ኤቬሊዮ። «የልጅሽ አባት መሆኑን አውቃለሁ፣ ኢንጂነር። ግን ሰው ሳይሞትብኝ ላሰናብተው ነው።»

«እስከ ማታ ይታገሱኝ» አለች። ለምን እንዳለች ለራሷም አልገባትም።

ረፋድ ላይ መስመሩ ለጽዳት ሲቆም፣ ኑቢያ ላይኛው ጣቢያ ሬኔል ክፍል ገብታ ከቦርሳዋ መዳፍ የምታህል መቅረጫ አወጣች። የላይኛውንና የታችኛውን ጣቢያ የሚያገናኘውን የኔትወርክ ገመድ ነቅላ መቅረጫውን መሀል ላይ ሰካችው። መሣሪያው ዝም ብሎ በዚያ የሚያልፈውን መልእክት ሁሉ ከነሰዓቱ ይቀዳል። ጣቢያዎቹ ቀኑን ሙሉ «አለህ?» «አለሁ» ይባባላሉ፤ መልሱ ከዘገየ መስመሩ ለጥንቃቄ ራሱን ያቆማል። ቀዩ ቁልፍ ሲነካ ደግሞ ለብቻው የሚላክ መልእክት አለ።

«እኔን ልትይዢ ነው የመጣሽው» አለ ሬኔል።

«ማንንም ልይዝ አልመጣሁም። ሥራህን ሥራ።»

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ፣ ነፋሱም በረታ። ኑቢያ ኮምፒውተሯ ላይ አቀርቅራ ሳለ ገመዱን የሚያሽከረክረው ትልቁ ጎማ ሲጢጥ ብሎ ቆመ።

ሬኔል ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ከወንበሩ ዘለለ። «አልነካሁም! ኑቢያ፣ አይተሻል አይደል? አልነካሁም!»

አላየችውም ነበር።

ዶን ኤቬሊዮ በሩን በርግደው ገቡ። «ዞር በል ከዚያ ወንበር!»

ወዲያው ገመዱ ላይ ከተንጠለጠሉት የመንገደኛ ካቢኖች ከአንዱ የሴት ድምፅ በራዲዮ መጣ። «ኧረ በማርያም ድረሱልን! ልጄ አስሙ ተነሳበት፣ ትንፋሽ አጠረው!»

«በመጠባበቂያው ሞተር እንጎትታቸው» አሉ ዶን ኤቬሊዮ።

«እሱ ይንቀራፈፋል፤ ልጁ በሕይወት አይደርስም» አለ ሬኔል።

«እንግዲያው ዋናውን እናስነሳው!»

«መሀል ላይ እንደገና ቀጥ ቢልስ? በዚህ ነፋስ ካቢኑ ከምሰሶው ጋር ይላተማል» አለች ኑቢያ። «ቆዩኝ።»

የተቀዳውን ወደ ኋላ መለሰች። መጀመሪያ የፈለገችው የቀዩን ቁልፍ መልእክት ነበር። የለም። ደግማ አየች። የለም። «አለህ?» «አለሁ» ሲባባሉ ቆይተው፣ ልክ ከመቆሙ በፊት ከአንድ አድራሻ የመልእክት መዓት እንደ ጎርፍ ወርዷል፤ «አለሁ» የሚለው መልስ ማለፊያ አጥቶ ቀርቷል። አድራሻው ከእነሱ መሣሪያዎች የአንዱም አልነበረም።

«ዶን ኤቬሊዮ፣ በቅርቡ አዲስ ነገር የሰካ ሰው አለ?»

ሰውየው ፊታቸው ተለዋወጠ። «የማስታወቂያው ስክሪን... መጠበቂያው አዳራሽ ውስጥ። የማስታወቂያ ሰዎቹ ባዶ የኔትወርክ ሶኬት አገኘን ሲሉኝ ሰኩት አልኳቸው።»

ደረጃውን እየዘለለች ወረደች። ከጣሪያው የሚያንጠባጥብ ውሃ በስክሪኑ ጀርባ ይወርዳል፤ ምስሉ ይርገበገባል። ውሃ ገብቶበት ያበደው ስክሪን ነበር መልእክቱን ያለማቋረጥ የሚረጨው። የኔትወርክ ገመዱን መንጭቃ ነቀለችውና ተመልሳ ወጣች። ኮምፒውተሯ ላይ የመልእክቱ ጎርፍ ቆሟል። ጣቢያዎቹ እንደገና እየተነጋገሩ ነው።

«ሬኔል፣ አስነሳው።»

ሬኔል ዶን ኤቬሊዮን አየ። እሳቸውም ከወንበሩ ፊት ዞር አሉለት። ቀስ አድርጎ አስነሳው፤ ካቢኖቹ እየተወዛወዙ መውጣት ጀመሩ። እናትየው ከንፈሩ የጠቆረ ልጇን ታቅፋ ስትወጣ በስልክ የተጠራች ነርስ መድኃኒት ይዛ በሩ ላይ ትጠብቃት ነበር። ልጁ ተረፈ።

ዶን ኤቬሊዮ ሠራተኛውን ሰብስበው «ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። ሬኔልን ግን ቀና ብለው ማየት ከበዳቸው።

ሰው ሲበተን ሬኔል ኑቢያን ጠየቃት። «መሣሪያሽ ሳይናገር በፊት አምነሽኝ ነበር?»

ልትዋሸው ትችል ነበር። «አላመንኩህም። መጀመሪያ የፈለግኩት ያንተን ቁልፍ ነው።»

«እኔም ራሴን መጠራጠር ጀምሬ ነበር» አለ ሬኔል። «ሳላውቀው እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኝ ይሆን እያልኩ ስንት ቀን ተሰቃየሁ።»

ኑቢያ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ፈረቃው እስኪያልቅም አልተነሳችም። ተመልሰው አልተጋቡም። እሁድ እሁድ ግን ልጃቸው ሳንኮቾ ስትሠራ ሾርባውን ሦስቱም አብረው ይበላሉ፤ ሬኔልም ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ከዚያ ወንበር የነቀነቀው የለም።