እንቁላልና የፍራሽ ክር

የተቀቀለ እንቁላል ሲላጥ የሚወጣው ሽታ ዛሬም ወደ አባቴ የፍራሽ ሱቅ ይመልሰኛል። ኮልፌ፣ ፌርማታው አጠገብ ነበር። በር ላይ ጥጥ ይነደፋል፣ ወያላ ይጮሃል፣ እኔ ደግሞ የጥጡ ክምር ላይ ተቀምጬ እንቁላል እበላለሁ። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ ደረጃ መውጣት ካቃተኝ ከርሟል።

ጣጣው ሁሉ የመጣው በአንድ ቃል ነው። የመረመረችኝ ሐኪም የምርመራዬን ውጤት አይታ ጡንቻዬ ውስጥ አንድ ፕሮቲን በትክክል እንደማይሠራ ነገረችን። አባቴ ከዚያ ሁሉ ንግግር የያዘው "ፕሮቲን" የምትለዋን ብቻ ነበር። "ፕሮቲን ከሆነማ ቀላል ነው!" አለ፤ እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ከማግስቱ ጀምሮ ጠዋት ሁለት እንቁላል፣ ማታ ሁለት። የኮልፌ ዶሮ ሁሉ ለእኔ የሚጥል እስኪመስለኝ በላሁ። በየሳምንቱ "እስቲ ተነሺ" ይለኛል፤ ጉልበቴን ተደግፌ ስነሳ ሲያይ "ገና ነው፣ አልጠገበም" ይላል፤ ጡንቻዬን ማለቱ ነው።

በሚቀጥለው ቀጠሮ "ዶክተር፣ እንቁላሉን ልጨምርላት እንዴ?" ብሎ ጠየቃት። ሐኪሟ አልሳቀችም። ሥራውን ጠየቀችው፤ ፍራሽ ሰፊ መሆኑን ስትሰማ ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች።

"ፍራሹ ላይ ጎድጎድ ያሉት ቦታዎች ለምን አይሞሉም?"

"ክሩ ወደ ውስጥ ስቦ ይይዛቸዋላ።"

"የጡንቻዋም ሽፋን እንደዚያው ወደ ውስጥ ይገባል፤ እንደ ቀጭን ቱቦ። ጡንቻው እንዲንቀሳቀስ የሚታዘዘው በዚያ በኩል ነው። ቱቦውን ቅርፁን የሚያስይዘው ያ ፕሮቲን ነው፤ ክሩ ማለት ነው። የእሷ ከተፈጥሮው የላላ ነው። የሚበላ ፕሮቲን አይተካውም።"

አባቴ እጆቹን አየ። "እኔ እኮ ክሩ የላላበትን ፍራሽ ፈትቼ እሰፋለሁ" አለ ቀስ ብሎ።

"ይሄን የሚሰፋ መርፌ ገና የለንም" አለችው።

በታክሲ ስንመለስ እኔ ከእንቁላሉ ተገላገልኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ፊቱን ሳይ ግን አፈርኩ። በማግስቱ ጠዋት ልጦ፣ ጨው ነስንሶ አቀረበልኝ።

"አባዬ፣ አይጠቅምም ተብሎ የለ?"

"ለጡንቻሽ አይደለም" አለኝ ፊቱን ወደ ጥጡ አዙሮ። "ለእኔ ስትይ ብዪልኝ።"

በላሁለት።

አሁን እሱ የለም፤ እኔም የምንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። የምተኛው እሱ በሰፋው ፍራሽ ላይ ነው፤ አንድም ክር አልላላም። ጠዋት ጠዋት አንድ እንቁላል እቀቅልና ጨው ነስንሼ እበላለሁ። እንቁላል ግን እስከ ዛሬ አልወድም።