ኮንቴይነሩን ዝጋብኝ አልኩት

ዛሬ ጠዋት አዳማ፣ መጋዘናችን በር ላይ፣ ባዶ ኮንቴይነር ውስጥ ገብቼ ሾፌሩን ሰይድን «ዝጋብኝ» አልኩት። ጎረቤቶቼ ያበድኩ ሳይመስላቸው አልቀረም።

ቀዳዳ የሚታየው በጨለማ ነው። ጣሪያው ላይ አንድ ነጥብ ብርሃን አየሁ። ሲከፍትልኝ ቀዳዳውን አሳየሁት።

«እትዬ፣ የመርፌ ቀዳዳ እኮ ናት።»

«ባለፈው ወደ ውጭ የላኩትን ቦሎቄ ያሻገተብኝ በእንዲህ ያለ ቀዳዳ የገባ ውሃ ነው። አሁንም ከሻገተ ገዢው ሌላ ላኪ ይፈልጋል። ኮንቴይነሩን መልሰው።»

«መርከቡ ቢያመልጥዎትስ?»

«ቀጣዩን እጠብቃለሁ።»

እያጉረመረመ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ሌላ ይዞ መጣ። ሳልጠይቀው ራሱ ገባ፤ ዘጋሁበት።

«ምን ይታይሃል?»

«ምንም። ይክፈቱልኝ እንጂ፣ ሙቀቱ ሊገድለኝ ነው።»

ጫኞቹን ጠራሁ።

ዕቃ የምትልኩ ወዳጆቼ፣ እናንተስ መርከብ እያስቸኮላችሁ የመለሳችሁት ኮንቴይነር አለ? ጻፉልኝ።