ሌባ መስሎኝ የጮህኩበት ኒያላ

ዛሬ ጠዋት ባሌ ተራሮች ፓርክ ውስጥ "ሌባ! ሌባ!" እያልኩ በባዶ እግሬ ከድንኳኔ ወጣሁ።

ውጭ የቆመው ኒያላ ነበር። ወንድ ነው፤ ጥምዝምዙ ቀንዱ ከጭንቅላቴ በላይ ይደርሳል። የብስክሌቴን መሪ ይልሳል።

ትናንት እኔና ጓደኛዬ ሰዒድ ብስክሌት ስንነዳ ውለን ስንደክም አስፋልቱ ዳር ድንኳን ልንተክል ነበር። አንድ አዛውንት የፓርኩ ጠባቂ መጡና "እዚህ ማደር አይፈቀድም ልጆቼ፤ የተፈቀደው ቦታ ዳገቱ ላይ ነው፣ ጥዶቹ ውስጥ" አሉን። በቃ፣ እየተነጫነጭን ያንን ዳገት ወጣነው። ላቤ እስከ መሪው ወረደ።

እኔ ደግሞ የካዛንቺስ ልጅ ነኝ፤ ብስክሌቴን ሳላስር እንቅልፍ አይወስደኝም። ድንኳኑ አጠገብ የማስርበት ዛፍ ስላጣሁ በገመድ ከእግሬ ጋር አሰርኩት። (ሰዒድ የሳቀብኝን ሳቅ! ግን የሱንም ከኔው እግር ጋር አስሮ ነው የተኛው።)

ሲነጋጋ እግሬ ተጎተተ። ከዚያ በኋላ ጩኸቴ ነው።

ኒያላው ትንሽ ፈንጠር ብሎ አየኝ። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ተመልሶ መጣና መላሱን ቀጠለ።

ሰዒድ ከድንኳኑ ውስጥ በሹክሹክታ "ዝም በል በናትህ፤ ጨው አግኝቶ ነው። የትናንቱን ላብህን እኮ ነው የሚልሰው" አለኝ።

ያንን ዳገት እየረገምኩ ስወጣ ያፈሰስኩትን ላብ ማለት ነው።

ቀስ ብዬ ተንበረከክኩና ገመዱን ከእግሬ ፈታሁ። ውርጩ ላይ በባዶ እግሬ ቆሜ እስኪጨርስ ጠበቅኩት።

እናንተስ? ሌባ መስሏችሁ ወጥታችሁ ማንን አገኛችሁ?