የውሻው ቅቤ

ሌላ ሰው የቆየ ቅቤ ሲሸተው ሆዱ ይጮኻል፤ እኔ ውሻ ትዝ ይለኛል። ባለፈው ሶዶ ገበያ አንዲት ሴትዮ ቅቤዋን በኮባ ጠቅልላ ፀሐይ ላይ አስቀምጣለች። ስትገልጠው ሽታው አፍንጫዬን መታኝ።

"ቅመስ እንጂ፣ ምን ታፈጣለህ?" አለችኝ።

"ለውሻሽ ቀቢው" አልኳትና ሄድኩ። እስከ ከብት ተራው ድረስ ስድቧ ተከተለኝ። አልፈርድባትም፤ እሷ አዋ አንጁሎን አታውቀውም።

አዋ አንጁሎ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። በኛ ቋንቋ አዋ አባት ማለት ነው፤ አባቴ ሲሞት ያሳደገኝ እሱ ስለሆነ እንደዚያ ነው የምጠራው። ትከሻው በራችንን ይሞላ ነበር። ድንጋይ ፈንቅሎ የሚጥል እጅ ነበረው። በዚያ እጅ ምን ይሠራ ነበር? የእሜቴ አስካለን ውሻ መዥገር ይለቅም ነበር።

እሜቴ አስካለ ከሰሜን የመጣ ባለጠመንጃ ሚስት ነች። አንቱ የምላት ድሮ ነው፣ አሁን አልላትም። እኛ ገባሮቻቸው ነበርን። ሌላው ገባር አጥር ያጥራል፣ እንጨት ይሸከማል፣ እህል ይፈጫል። ለኛ ቤት የደረሰው ውሻው ነው። ስሙ ደፋሩ ነበር። ቀይ፣ ጆሮው የተንጠለጠለ፣ ቀኑን ሙሉ ከከብት ጋር ሣር ላይ ሲንከባለል የሚውል። ሲመሽ ጆሮው ውስጥ፣ ጭራው ሥር፣ ጣቶቹ መሐል መዥገሩ ባቄላ አክሎ ተነፍቶ ይመጣል።

መዥገር ዝም ብለህ ከነቀልከው አፉ ቆዳው ውስጥ ይቀራል፣ ውሻውም ይጮኻል። ውሻው ከጮኸ አለንጋ አለ። የአዋ ጀርባ ያን ያውቃል። ስለዚህ ቅቤ ይቀባው ነበር። የውሻውን ጭንቅላት ጭኑ ላይ ያስተኛል፣ መዥገሩ ላይ ቅቤ ወፈር አድርጎ ይለጥፍና ይጠብቃል። መዥገሩ ታፍኖ ሲላላ ቀስ ብሎ ያነሳዋል። ውሻው ለምዶ፣ ገና አዋን ሲያይ ጆሮውን ገልብጦ ጭኑ ላይ ይጋደም ነበር።

ቅቤው ከማን ቤት? ከኛ። ያለችን አንዲት ላም ናት። አክስቴ፣ የአዋ ሚስት፣ ንጣ ያወጣችውን በትንሽ ቅል አድርጋ ምሰሶው ላይ ትሰቅላለች። እኛ የተቀቀለ ቦይናችንን፣ ጎደሬውን፣ ደረቁን እየዋጥን ቅሉን እናያለን።

የተለቀመውን መጣል የለም። በኮባ ላይ ተደርጎ ለእሜቴ ይቀርባል። እሷ ደጃፏ ላይ እንዝርቷን እያሾረች ታያለች፣ እሱ በፊቷ በጥፍሩ ያፈርጣል።

"መዥገር" ትለዋለች። ስሙን አጥታው አይደለም። "አንተ መዥገር፣ ወንድሞችህ ጠገቡ?"

"ጠገቡ፣ እሜቴ።"

"እጅህን እንዳትታጠብ። የውሻዬ ደም ነው፣ ካንተ ደም ይሻላል።"

"እሺ፣ እሜቴ።"

ግቢው በሙሉ ይስቃል። አዋ ደሙ ጥፍሩ ላይ ደርቆ ቤት ይገባል። ቢታጠብ ሄዶ የሚነግርበት ሞልቷል፣ ጎረቤት ነዋ። እጁን ከሰውነቱ አርቆ ይቀመጣል፣ አክስቴ እንደ ሕፃን ታጎርሰዋለች። አንድም ቀን ሲያኝክ ቀና ብሎ አላየንም።

ከዚያ ጦርነት መጣ። ባልየው ዘመተ፣ አልተመለሰም። ጣሊያን ሶዶ ሊገባ ነው ሲባል እሜቴ በቅሎዋን አስጭና ወጣች። ውሻውን ትርሳው፣ ትጣለው፣ አላውቅም። ከጥቂት ቀን በኋላ ደፋሩ እኛ ደጅ መጥቶ ቆመ። አክስቴ እንጨት አነሳች።

"ተይው" አላት አዋ። ወስዶ ላማችን በምትጋጥበት ሣር ዳር፣ እንሰት ሥር አሰረው። አበላው፣ አጠጣው። መዥገሩን ግን አልነካም።

ሲመሽ ሄዶ አጠገቡ ይቀመጣል። ውሻው እንደ ልማዱ ጭኑ ላይ ይጋደምና ጆሮውን ገልብጦ ይሰጠዋል። አዋ ሁለት እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ያየዋል። በየቀኑ እንደዚያ። ጆሮው ውስጥ ቆዳ እስኪጠፋ ድረስ መዥገር በመዥገር ሆነ።

"አንተ፣ እንስሳ ነው እኮ" አለችው አክስቴ። "ምን አደረገህ?"

"እኔስ ምን አደረግኩት? በላ፣ ጠጣ።"

"ንቀልለት። ቅቤው ያው ተሰቅሏል።"

"ማን አዘዘኝ?" አላት።

እኔ ሳቅኩ። ዛሬም ያ ሳቅ አይቆጨኝም። አክስቴ ግን አልሳቀችም፣ ከዚያ ቀን ወዲህ አጉርሳውም አታውቅም።

የውሻው ድድ ነጣ፣ መቆም አቃተው። እየተጎተተም ቢሆን ጭንቅላቱን ጭኑ ላይ ማድረግ አልተወም። እዚያው ሞተ። አካሉ ሲቀዘቅዝ ገና ያልጠገቡት መዥገሮች እየለቀቁ ወደ አዋ ጭን መሄድ ጀመሩ። አያቸው። አላራገፋቸውም።

አዋ አንጁሎ ባለፈው ክረምት ሞተ። አልጋው ላይ ሆኖ እንኳ አውራ ጣቱና ጠቋሚው ጭኑ ላይ የሌለ ነገር ሲፈልጉ ነበር። መሬቱን ዘመዶች ተካፈሉት። ለኔ የቀረኝ ያ ምሰሶው ላይ የተሰቀለው ቅል ነው፤ ግማሹ ቅቤ ከነሽታው አለ። የሚበላውም የሚቀባውም ሰው የለም።

አክስቴ ባየችው ቁጥር "አውርድና ጣለው፣ ልጄ" ትለኛለች።

ማን አዘዘኝ።