የንፍሮው ምርጫ

በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ምንም አልታየኝም። የቆቦ ፀሐይ ዓይኔን ሞልቶት ስለነበር ክፍሉ ድቅድቅ ጨለማ ሆነብኝ። ቀድሞ የደረሰኝ ሽታው ነው፤ የላብ፣ የእርጥብ ጆንያና የነቀዘ ማሽላ ሽታ። እስር ቤት ያደረጉት ቤት ድሮ የእህል መጋዘን ነበር፤ ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ። ዓይኔ እስኪለምድልኝ ቆሜ ስጠብቅ፣ ከጥግ በኩል የማውቀው ድምፅ መጣ።

«እንኳን ደህና መጣህ፣ ጃንጥላ!»

በዚያ ሰሞን ከተማው ተረብሾ፣ ቃሉ በሰው ዘንድ ይሰማል የተባለ ሁሉ ይለቀም ነበር። እኔንም ከማስተምርበት ክፍል ጠርተው ነው ያመጡኝ። ጃንጥላ ብሎ የሚጠራኝ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። ለክልሉ ምክር ቤት በግል ስወዳደር የምርጫ ምልክቴ ጃንጥላ ነበር። ከጥግ የተጣሩት ሽማግሌም ለዚያው ወንበር በግል ተወዳድረዋል። ሮቢት ገበያ ላይ፣ በሽንኩርትና በበርበሬ ነጋዴዎች መካከል ቆመው፣ «ይኼ መምህር ዝናብ በሌለበት አገር ጃንጥላ ይዞላችሁ መጣ!» ሲሉ ገበያው በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በኋላ ወንበሩን ሌላ ሰው ወሰደው፤ እሳቸውም እኔም ባዶ እጃችንን ቀረን።

ከዚያ በፊት ግን ሁለት የምርጫ ዘመን የምክር ቤት አባል ነበሩ። ለዚህ ነው እስረኛው «የተከበሩ» የሚላቸው። መጀመሪያ ለማሾፍ ነበር ይባላል። እኔ ስደርስ ማሾፉ ቀርቶ ስሙ ብቻ ቀርቷል። ረጅም፣ ከሲታ፣ ከዋጃ በታች ያለ የቆላ ሰው፤ ሽርጣቸውን አገልድመው፣ ጀርባቸውን ከቆርቆሮው አርቀው ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ። አጠገባቸው ቦታ አስለቀቁልኝ።

ቀትር ላይ ቆርቆሮው ሲግል ሁሉም ሸሚዙን አውልቆ ይጋደማል፤ ማንም አይናገርም። አውራ ጎዳናው ቅርብ ስለሆነ የአውቶቡስ ጥሩምባና የባጃጅ ጩኸት ብቻ ይሰማል። በዚያ ሰዓት የሚያወሩት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ።

«መጀመሪያ የተመረጥኩ ጊዜ» አሉኝ፣ «ቀበሌ ለቀበሌ በእግሬ ዞርኩ። ሰው አጨበጨበልኝ፣ ፍየል አረደልኝ። ተቀናቃኝ ግን አልነበረኝም። አሸነፍኩ አልልህም፤ ብቻዬን ሮጬ አንደኛ ወጣሁ።»

«ሁለተኛውስ?»

«ሁለተኛውም ያው ነው። ያኔ ደግሞ መሮጡንም ተውኩት።»

ከዚያ አንድ ቀን በምክር ቤቱ አዳራሽ እጃቸውን አወጡ። የቆላው የውሃ ጉድጓድ ተቆፍሮ ሲያበቃ ፓምፕ ሳይገባለት ለምን ቀረ ብለው ጠየቁ።

«ጨርሼ ስቀመጥ አጠገቤ ያለው ሰውዬ ወንበሩን ከእኔ አራቀ። ወንበሩ እኮ መሬት ላይ የተቸነከረ ነው! እንዴት አድርጎ እንዳራቀው እስከ ዛሬ አይገባኝም።»

በሚቀጥለው ምርጫ ድርጅታቸው ሳያቀርባቸው ቀረ። በግላቸው ቀረቡ፤ ያኔ ነው ከእኔ ጋር የተገናኙት። ድምፅ ሲቆጠር የእሳቸውንም የእኔንም ታዛቢ ከጣቢያው አስወጥተው ነበር።

«እንግዲህ ሁለቴ አሸነፍኩ፣ አንዴ ተሸነፍኩ» አሉኝ። «አንዱንም በዓይኔ አላየሁት።»

ያን ጊዜ ክፍላችን ካቦ ነበረው። ካቦ ማለት ፖሊሶቹ ከእስረኛው መካከል የሚሾሙት አለቃ ነው። ውሃ ያካፍላል፣ በበሩ ስንጥቅ አየር የመሳቢያውን ተራ ያወጣል። አመሻሽ ላይ ደግሞ እየተጠራ የተወራውን ለፖሊሶቹ ይናገራል። እሱ በተናገረው ምክንያት ሰው ተወስዶ ተደብድቦ ሲመለስ አይተናል። አንድ ጠዋት ያ ካቦ ተፈታ። ዘበኛው በስንጥቁ ብቅ ብሎ፣ «ኢንስፔክተሩ ከሰዓት መጥተው ሌላ ይሾሙላችኋል» ብሎን ሄደ።

የተከበሩ ከተቀመጡበት ተነሡ።

«ሳይመጣ እንምረጥ» አሉ።

አንዳንዱ ሳቀ። አንዱ ጎልማሳ ግን ተቆጣ። «የማንን ጎፈሬ ልናበጥር ነው? ምርጫ ብለው ምርጫ ብለው እዚሁ አይደል የደረሱት!» አላቸው።

«አዎ፣ ደርሻለሁ» አሉት። «ታዲያ ከዚህ ወዲያ ደግሞ ወዴት ያደርሱናል?»

ራሳቸውን በእጩነት አቀረቡ። ሌላ ማን ይቀርባል ሲባል ሁሉም ወደ አንድ የባጃጅ ሹፌር ዞረ። ሙሽራ ነው፤ የሚፈለግ ሰው አሳፍረሃል ተብሎ የታሰረ። ዝምተኛ ስለሆነ ሰው ይወደዋል። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ተዉኝ» እያለ ገፍተው አስነሡት።

ሰዓቱ የቁርስ ነበር፤ ከየቤታችን የመጣልን የበቆሎና የሽምብራ ንፍሮ ተቀላቅሎ ተቀምጧል። የተከበሩ ሥርዓቱን አወጡ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ በቆሎና አንድ ሽምብራ ይሰጠዋል። በቆሎ ለእሳቸው፣ ሽምብራ ለሹፌሩ። ትርፍ ሽርጣቸውን በገመድ ላይ ዘርግተው ጥጉን ከለሉት። መራጩ ከሽርጡ ጀርባ ገብቶ አንዱን ፍሬ በተቆረጠው የዘይት ጀሪካን ይከታል፣ ሌላውን ይበላል። ያልከተተውን ማንም እንዳያይበት።

ቅስቀሳም ተደረገ። የተከበሩ ሮቢት ገበያ ላይ እንደቆሙት ቆሙ። የበሩ ተራ ለታመመና ለሽማግሌ ይቀድማል፣ ውሃው በአንድ ጣሳ ልክ ይከፋፈላል፣ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም የጸሎት ሰዓት ይከበራል ብለው አፋቸውን ሞልተው ተናገሩ። የማቀርበው የሕዝብ ጥያቄ ካለ አሁን ስጡኝ አሉ። ሰው ተጋድሞ የነበረው እየተነሣ ተቀመጠ። በዚያ ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጨበጨብ ሰማሁ።

የሹፌሩ ተራ ሲደርስ መሬት መሬት እያየ፣ «እኔ ንግግር አላውቅም። ማታ ሲጠሩኝ ግን የሰማሁትን አልናገርም» አለና ተቀመጠ።

አላጨበጨብንም።

እየተነሣን መረጥን። አንዱ ከሽርጡ ጀርባ እያላመጠ ወጣ። «ሁለቱንም በላኋቸው፤ ድምፀ ተአቅቦ በሉልኝ» ሲል የተከበሩ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ለማን እንደሰጠሁ ጠይቀውኝ አያውቁም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ቆጠራውን እኔ አደረግሁ። ፍሬ በፍሬ እያወጣሁ ጆንያ ላይ በሁለት ረድፍ ደረደርኳቸው። እሳቸው በርከክ ብለው፣ ፊታቸውን ከጆንያው ሳይነቅሉ ያያሉ። የሽምብራው ረድፍ በአንድ ፍሬ በለጠ።

ሁለቱን ረድፎች ራሳቸው በጣታቸው ቆጠሩ። ከዚያ ፊታቸው ቀስ በቀስ ሲፈታ አየሁ። ተነሥተው የሹፌሩን እጅ በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

«እንኳን ደስ ያለህ። አደራ እንግዲህ።»

ከሰዓት ኢንስፔክተሩ መጣ። ወሬው በዘበኛው በኩል ደርሶታል። በሩን አስከፍቶ ደፉ ላይ ቆመ።

«ማነው እዚህ ስብሰባ የጠራው?»

«እኔ ነኝ» አሉ የተከበሩ።

ኢንስፔክተሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የደከመው ሰው ነበር። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባት፣ ትልቅ ሰው ነዎት። ሊፈቱም ተቃርበዋል። ሙቀቱ ሲበዛብን ተጫወትን ይበሉኝና ልሂድ።»

ሁላችንም አየናቸው። አንድ ቃል ነው፤ ማንም አይፈርድባቸውም ነበር።

«ጨዋታስ አልነበረም» አሉት። «ምርጫ ነበር። እኔ አስመረጥኩ፣ እኔው ተሸነፍኩ።»

ሹፌሩ ተነሣ። «የተመረጥኩትም እኔ ነኝ» አለ።

ኢንስፔክተሩ ተራ በተራ አያቸው። በመጨረሻ ወደ ሽማግሌው እያመለከተ፣ «እሳቸው ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራሉ፤ ዕቃቸውን ይያዙ» አለ። ሹፌሩን ምንም አላለውም፤ ሌላ ካቦም አልሾመም።

ሽርጣቸውን ከገመዱ አወረዱ፣ አጣጠፉ፣ በፌስታል ከተቱ። ጫማቸውን አደረጉ። ዘበኛው ክንዳቸውን ሊይዝ ሲል በእጃቸው ገታ አደረጉትና ወደ ሹፌሩ ዞሩ።

«ካቦ፣ ልወጣ ነው። ይፈቀድልኛል?»

ሹፌሩ ግራ ገባው። ኢንስፔክተሩን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ እሱም ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ይፈቀድልዎታል፣ አባባ። በሰላም ይሂዱ።»

ከዚያ ወዲያ ነው የወጡት።

ሹፌሩ ቃሉን ጠበቀ። ማታ ማታ ሲጠሩት ሄዶ ይመለሳል፤ «ምን አልካቸው?» ስንለው፣ «ስለ ሙቀቱ ያወራሉ አልኳቸው» ይለናል። አንዳንዴ ከንፈሩ አብጦ ይመለስ ነበር። መልሱ ግን ያው ሙቀቱ ነው።

እኛ ቀድመን ተፈታን። ሊፈቱ ተቃርበው የነበሩት እሳቸው ግን ብዙ ቆይተው ወጡ። ወደ መንደራቸው ተመልሰው ማሽላቸውን ያርሱ ነበር። ቆቦ ገበያ ሲመጡ ትምህርት ቤት ድረስ ጎራ ይሉና ከአጥሩ ውጭ ሆነው «ጃንጥላ!» ብለው ይጣራሉ። ተማሪዎቼ ምን ማለት እንደሆነ ሳያውቁ ይስቃሉ።

ዘንድሮ ሞቱ። ሹፌሩ በባጃጁ ወሰደኝ። ለቅሶው ላይ ዱኣው ካለቀ በኋላ ሽማግሌዎች ስለ እሳቸው ያወሩ ጀመር። ሁለት ጊዜ እንዴት እንደተመረጡ፣ ስንት ቀበሌ በእግራቸው እንደዞሩ፣ ተቀናቃኝ እንዳልነበራቸው። አንዱ፣ «በትክክል ተወዳድሮ ያሸነፋቸው ሰው አልነበረም» አለ። ሹፌሩ ካጠገቤ ብድግ አለ።

«እኔ አሸንፌያቸዋለሁ» አለ።

ሰው ተንጫጫ። በለቅሶ ላይ እንዲህ ይባላል ወይ እያሉ ገላመጡት። እሱ ሌላ ቃል ሊጨምር ፈልጎ እንባው ቀደመው። ከሴቶቹ በኩል የባለቤታቸው ድምፅ ተሰማ።

«ተዉት፣ እውነቱን ነው። አላህ ይማራቸውና፣ ካየኋቸው ምርጫዎች ሁሉ ያ ነበር የሚጥመው ይሉኝ ነበር።»

በባጃጁ ተመለስን። ፀሐይዋ ዘቅዝቃ የዞብል ተራራ ቀልቶ ነበር። ያ የቆርቆሮ ቤት ይናፍቀኛል ብል ሰው ምን ይለኛል እያልኩ አስባለሁ። ሙቀቱ አይናፍቀኝም፤ ሽታውም፣ ሌሊቱም አይናፍቀኝም። ያን ጠዋት ግን፣ ፍሬዎቹ ጆንያው ላይ ተደርድረው ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠን ስንጠብቅ፣ ማን እንደሚያሸንፍ ከመካከላችን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም።