ከጓሮ የመጣው ቃል

በዚያ ዓመት ቦምቤ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት ለአምስተኛ ክፍል አማርኛ አስተምር ነበር። የልጆቹ የቤት ቋንቋ ወላይትኛ ነው። እኔ ደግሞ ሶዶ ከተማ አማርኛ እየተናገርኩ ስላደግሁ ወላይትኛዬ ከገበያ አያልፍም። አዲስ ቃል በሌላ ቃል ስተረጉምላቸው አፌን እያዩ ይደግሙታል፤ በማግስቱ ስጠይቅ ግን ጠፍቷል። ስለዚህ አንድ ዘዴ ጀመርኩ። ቃሉን ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ በእጅ በሚነካ ነገር አሳይቼ፣ "ነገ ከቤታችሁ አምጡልኝ" እላለሁ። "ክዳን" ያልኩ ቀን ግማሹ ክፍል የድስት ክዳን ተሸክሞ መጣ። "ጭላጭ" ያልኩ ቀን አንዱ ተነስቶ፣ "ቲቸር፣ አባቴ ሻይ ጠጥቶ ለእኔ የሚተወው" አለ።

ግንቦት ላይ ቃሉ "ስንጥቅ" ነበር። የክፍሉን ግድግዳ በጣቴ እየተከተልኩ አሳየኋቸው። በማግስቱ አንዱ የተሰነጠቀ የሸክላ ሰሃን አመጣ፤ ሌላው "የአያቴ ተረከዝ" ብሎ ሁሉንም አሳቀ። ከዚያ መስኮቱ አጠገብ የምትቀመጥ፣ ካልጠየቅኋት የማትናገር ልጅ እጇን አወጣች።

"ከቤታችን ጀርባ መሬቱ ስንጥቅ አለው።"

"ምን ያህል ነው?"

አንድ ክንዷን ዘርግታ በሌላኛው እጇ ክርኗን ያዘች። "እስከዚህ ይገባል።" ቀጥላ የእጇን አንጓ ነካች። "በፊት እስከዚህ ነበር።"

"እንደ እሱ አያት ተረከዝ ቅቤ ይቀባ!" አለ አንዱ ከኋላ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ጠመኔውን ይዤ ቀረሁ። በክረምት ናዳ ወርዶ ሰውን ከነቤቱ እንደሚቀብር ሁላችንም በስልክ አይተናል። ቤታቸው የት እንደሆነ ደግሞ አውቃለሁ፤ ከክፍላችን በር ሆኖ ዳገቱ ላይ ይታያል።

ለርዕሰ መምህሩ ነገርኩት። "ለቀበሌ እናሳውቃለን" አለና ቀና ብሎ አየኝ። "አንቺ የቋንቋ አስተማሪ አይደለሽ? ቋንቋሽን አስተምሪ።" እሺ ብዬ ወጣሁ። እሺ ማለት ይቀለኛል።

ከሰዓት በኋላ ግን ልጅቷን ተከትዬ ወጣሁ። ስንጥቁ ከቤቱ በላይ፣ በእንሰቱ መሃል አቋርጦ ይሄዳል። አንዱ ወገን ትንሽ ዝቅ ብሏል። ውስጡን ለማየት ጎንበስ አልኩና ወዲያው ቀና አልኩ፤ የቆምኩበት መሬት ራሱ የእኔን ክብደት የሚቆጥር መሰለኝ። አባትየው ቤት ውስጥ ታስሮ ለሚቀለብ ትልቅ በሬ የእንሰት ቅጠል ይከትፋሉ። በመንገድ ላይ ስለማመደው የመጣሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝና፣ "ጋሼ፣ መሬቱ... ያስፈራል" ብቻ አልኩ።

ሳቁ። "ቲቸር፣ ቃል አምጣ ብትለው ልጄ ቤቴን ይዞ መጣ?" አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም፤ ልጅቷ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ከዚያ ሳቁን ትተው፣ "ዝናቡ ሲያባራ ይገጥማል። ይሄን ሁሉ እንሰት ትቼ የት ልሂድ?" አሉኝ። ሚስታቸው ከጓዳ እያዩኝ ነበር። ዓይናቸው ዝም በይ አላለኝም።

ልጅቷ ስትሸኘኝ በሬው የእነሱ ብቻ እንዳልሆነ ነገረችኝ። እዚህ አገር ወንዶቹ መስከረም ላይ ለሚውለው ጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ዓመቱን ሙሉ ለበሬ ይቆጥባሉ፤ ሴቶቹ ለቅቤ። ያ በሬ የጎረቤቶች ማኅበር ንብረት ነው፤ አባቷ እንዲያደልቡት ተሰጥቷቸዋል። ከማኅበርተኞቹ አንዱ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ነበሩ።

በማግስቱ በሩ ላይ ጠበቅኋቸው። ስለ ሰው ነፍስ መናገር ሲያቅተኝ ስለ በሬ ተናገርኩ።

"በሬው ከስንጥቁ በታች ነው በላይ?" አሉ።

"በታች።"

ዘንጋቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። "በታች ነው የምትዪኝ? የእኔ ጊፋታ?"

በዚያው ቀን ማኅበርተኞቹ ዳገቱን ወጡ። ስለ ቤታቸው ቢያነሱ አባትየው እንደሚቆጡ ስለሚያውቁ ስለ ቤቱ ማንም አላነሳም። "በሬያችንን ከዚህ አውጣ" ነው ያሉት። በአደራ የተሰጠ በሬ ካደረበት ባለአደራው አይለይም፤ ቢታመም፣ ቢጠፋ፣ መልስ የሚሰጠው እሱ ነው። በሬው መንገዱ ዳር ሜዳው ላይ ወዳለው የዘበኛው ወንድም ግቢ ወረደ። አባትየው ተከተሉት፤ ቤተሰቡም ምንጣፉን ጠቅልሎ ተከተላቸው።

እፎይ ያልኩት ግን ለአጭር ጊዜ ነው። በሬው ይበላል። አባትየው በየማለዳው ቅጠል ለመቁረጥ ወደዚያው እንሰት ይወጣሉ። ልጅቷ ክፍል ስትገባ በዓይኔ እጠይቃታለሁ። "ወጥቷል" ትለኛለች። ከዚያ በኋላ የማስተምረውን እኔም አልሰማውም። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ድምፄ ይቀጥናል፤ ልጆቹ "ቲቸር፣ አልተሰማም" ይላሉ።

ሰኔ ላይ፣ ፈተና እየሰጠሁ፣ ከዳገቱ በኩል የጭነት መኪና ጠጠር ሲገለብጥ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ መጣ። አላቆመም። ልጅቷ እርሳሷን አስቀምጣ ተነሳች። ሳታስፈቅደኝ ወጣች፤ እኔም ፈተናውን ትቼ ከኋላዋ ሮጥኩ። በመንገዱ ላይ የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ ስትደርስ ምን እላታለሁ?

የቤቱ ጣሪያ ብቻ ከታች ወዳለው ወንዝ ተንሸራቶ ይታያል። እንሰቱ ሥሩን ወደ ላይ አድርጎ በጭቃ ላይ ተበትኗል። አባትየው ከተቆረጠው መሬት ወዲህ፣ የታሰረ ቅጠላቸውን በጭንቅላታቸው እንደተሸከሙ ቆመዋል። ልጅቷ ወገባቸውን ስትይዝ እንኳ ሸክሙን አላወረዱም። ማኅበርተኞቹ ሲደርሱ ዘወር ብለው አዩአቸውና፣ "ቅጠል ይሄ የመጨረሻው ነው" አሉ። "በሬያችሁን ውሰዱ።"

ማንም አልወሰደም። ማኅበርተኞቹ ጊፋታን ሳይጠብቁ ሸጡትና ለአባትየው አዲስ ቤት ቆርቆሮ ገዙበት። ዘበኛው ለሳምንታት ሲያዩኝ፣ "ቲቸር፣ ስጋዬን በላሽብኝ" ይሉኝ ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን አባትየው ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ከቀበሌ ለቤት የሚሆን ቦታ ተሰጥቷቸዋል።

"ና፣ እይልኝ" አሉኝ። "አንተ ካየህ እሠራለሁ።"

"ጋሼ፣ እኔ ስለ መሬት አላውቅም። የማውቀው ቃሉን ነው።"

"እሱኑ እይልኝ።"

ሄድኩ። ቦታው ዘንበል ያለ ነው፣ ሣሩ ረጅም ነው። አባትየው፣ ሚስታቸውና ልጅቷ ዳር ቆመው ይጠብቁኛል። ሣሩን በእግሬ እየገለጥኩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና ሄድኩ። ምንም አላየሁም። ምንም አላየሁም ብሎ መናገር ግን እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም።